ፈረመ እንጂ አልሠራም

ልጄ የዚያን ሰውዬ ሥዕል የሣለች ዕለት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከሥራ ስገባ የምግብ ጠረጴዛውን እንዳለ ይዛዋለች። ነጭ ካርቶን ዘርግታ፣ ጣቶቿ በእርሳስ ጠቁረው፣ የምላሷን ጫፍ በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ትሥላለች። ሰላም ስላት ቀና አላለችም። ቆሜ ከኋላዋ አየሁት። ዐይኖቹ ከሥር ያበጡ፣ ጢሙ ከንፈሩን የሸፈነ፣ ጸጉሩ ማበጠሪያ የማያውቅ፣ የታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስሙን ባልጠራውም ሁሉም ያውቀዋል። ዐይኖቹን አሳምራቸዋለች፤ ሰው የሚያይ ዐይን አድርጋቸዋለች። ጸጉሩ ግን ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ ጸጉርነቱን ትቶ ጢስ ይሆናል። ጢሱም የካርቶኑ አናት ላይ ሲደርስ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ፕሮጀክት» አለች።

የማኅበራዊ ሳይንስ መምህሯ እያንዳንዱ ተማሪ ዘመኑን የለወጠ አንድ ሰው መርጦ በካርቶን ላይ እንዲያሳይ አዝዛ ኖሯል። ልጄ እሱን የመረጠችው በእኔ ምክንያት ነው። ከዋሽንግተን ዳር ባለው የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንታችን ውስጥ፣ ከስልኩ በላይ፣ ከአሮጌ ካሌንደር የቆረጥኩት ፎቶው ተለጥፎ ነበር። እሷ ደግሞ ከሥዕሉ ግርጌ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «አቶሚክ ቦምብን የሠራው ሰው» ብላ ጽፋለታለች።

«አልሠራም» አልኩ።

«ዳዲ፣ መጽሐፉ ላይ አለ።»

«አምጪው።»

አመጣችው። ገጹን ስታሳየኝ አንገቴ ድረስ ሞቀኝ። በግራ በኩል የእንጉዳዩ ደመና፣ በቀኝ በኩል የሰውዬው ፎቶ፣ ከሥሩ ያቺ የታወቀች ቀመር። ሠራ የሚል ቃል የለም። ግን ሦስቱን አንድ ገጽ ላይ ያየ ልጅ ሌላ ምን ይበል? ያኔ ይህ አልታየኝም። ጮኽኩባት። ለአሥራ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው መሆኔን፣ ይህ ሰው የሰላም ሰው እንደነበር፣ ቦምቡ ውስጥ ምንም እጁ እንደሌለበት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ልጄ እርሳሷን አስቀመጠችና በእንግሊዝኛ «እንግዲያው አንተ ሥራው» ብላኝ መኝታ ቤቷ ገባች።

ባለቤቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ቀን ቀን ትሠራ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ካወቅህ አስረዳት» አለችኝ። «ካላወቅህ አብራችሁ ፈልጉ። መጮህ ምን የሚሉት ነው?»

እውነቷን ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ክሪስታል ሲቲ፣ ከምድር በታች ባለ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ተቀምጬ ትኬት የምቀበል ሰው ነበርኩ። በቀን ውስጥ ብዙ ሰው ያየኛል፤ የሚያነጋግረኝ የለም። ከሰው ጋር ስለ ፊዚክስ ካወራሁ ዓመታት አልፈዋል። ልጄ በዚያ ካርቶን የነካችብኝ የቀረችኝን አንዲት ነገር ነበር።

በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቅዳሜ ሲሆን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን።

ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ 1995 ነው፤ ቦምቡ ከተጣለ ሃምሳኛው ዓመት። መሀል ዋሽንግተን ያለ ሙዚየም ቦምቡን የጣለውን አውሮፕላን ለሕዝብ ሊያሳይ ነው ተብሎ ጋዜጣው ሁሉ ጭቅጭቅ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች በአንድ ወገን፣ የታሪክ ምሁራን በሌላው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለ ቦምቡ የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ከመግቢያው አጠገብ ተደርድሮ ጠበቀን። ልጄ ቶሎ ቶሎ ታነባለች፤ እኔ ቀስ እላለሁ። እሷ ያልገባትን ሳይንስ እኔ አስረዳታለሁ፤ እኔ ያልገባኝን እንግሊዝኛ እሷ ታስረዳኛለች። እንደዚያ ተደጋግፈን ሁለት ቅዳሜ ተቀመጥን።

መጀመሪያ ያገኘነው ለእኔ የሚመች ነበር። ቀመሯ ትንሽ ቁስ ውስጥ ብዙ ኃይል እንዳለ ትናገራለች እንጂ እንዴት እንደሚወጣ አትናገርም። የአቶም እምብርት እንደሚሰነጠቅ ያገኙት ሌሎች ናቸው፣ ቀመሯ ከተጻፈች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ። አንዱ ሲሰነጠቅ ጎረቤቱን እየሰነጠቀ ሊዛመት እንደሚችል ወዳጆቹ መጥተው ሲነግሩት፣ እሱ ጨርሶ አስቦት አያውቅም ነበር።

«አየሽ!» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አጠገባችን የተቀመጡ ሰውዬ ዞረው አዩኝ።

«ዌይት» አለችና ገጹን ገለጠች።

ደብዳቤውን ያገኘችው እሷ ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲል፣ በበጋው፣ ሰውዬው ባሕር ዳርቻ ላይ ቤት ተከራይቶ ባለበት፣ እንደሱ ከአውሮፓ የተሰደዱ ሳይንቲስቶች ፈልገው አገኙት። የሸሹት መንግሥት ቦምቡን ቀድሞ ይሠራል ብለው ፈርተዋል። ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሚሄድ ደብዳቤ አዘጋጁ። የእነሱን ስም የሚያውቅ የለም፤ የሱን ስም የማያውቅ የለም። ፈረመ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «ምንም እጁ የለበትም ብለህ ነበር።»

ስለ ደብዳቤው ወሬ ሰምቼ ነበር። ግን ለተማሪዎቼ ነግሬአቸው አላውቅም። ሰው የሚወደውን ሰው ሲያስተዋውቅ እንደሚያደርገው፣ የማይመቸውን ዘልዬ ነበር ያስተማርኩት። ይህንን ለልጄ ተናዘዝኩላት። አልተሳለቀችብኝም። ደብተሯን አውጥታ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈለችና በአንዱ ወገን «ያደረገው»፣ በሌላው «ያላደረገው» ብላ ጻፈች።

ያላደረገው ወገን ቶሎ ሞላ። ደብዳቤው ደርሶም መንግሥት ትንሽ ኮሚቴ አቋቁሞ ለረጅም ጊዜ ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራም። ቦምቡን የመሥራቱ ታላቅ ሥራ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሌሎች ጥናቶች መጥተው ነው። ሲጀመር ደግሞ እሱን አላስገቡትም። ፖለቲካው አላማራቸውም፤ ምስጢር ይዞ ያድራል ብለው አላመኑትም። ሥራው ውስጥ ያሉት ሳይንቲስቶች ከእሱ ጋር እንዳያወሩ ተከለከሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የዩራኒየምን ዓይነቶች ከመለየት ጋር የተያያዘ ስሌት ሰጡት፤ ሠርቶ ላከ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልነገሩትም። ለባሕር ኃይሉ ስለ ተራ ፈንጂዎች አማክሯል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ቦምቡ የተጣለ ቀንም እንደ ማንም ሰው ዜናውን ሰማ።

ያደረገው ወገን ላይ ያቺ ስሌት አለች፤ ከሷ በላይ አንዲት ቃል አለች፦ ፈረመ።

«ሲያረጅ በመፈረሙ እንደተጸጸተ ተጽፏል» አልኳት፣ ልከላከልለት ብዬ።

«ለምን ይጸጸታል?» አለች። «ምንም ካላደረገ?»

መጽሐፉን ዘጋሁ።

የድሮውን ካርቶን ልትጥለው በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት ይዛ ወረደች፤ እኔም ቆሻሻ ይዤ ተከተልኳት። ምድር ቤት፣ ከመልእክት ሳጥኖቹ ጎን፣ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ሰባ ዓመት የሆናቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ባለቤቴ አልፎ አልፎ ምስር ወጥ የምትልክላቸው ሴት ናቸው። እኔን «ፕሮፌሰር» ይሉኛል። በሩን ይዘውልን ሳለ ካርቶኑን አዩት።

«ይሄ ሰውዬ ምን አደረገ ብለሽ ነው?» አሏት።

ልጄ አፍራ «ተሳስቼ ነው፣ ልጥለው ነው» አለች።

አሮጊቷ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ያዙት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ግቡ» አሉን፣ ቆሻሻውን እንደያዝኩ።

ሶፋቸው ላይ ተቀምጠን የነገሩን ይህን ነው። የተወለዱት ቴኔሲ ገጠር ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ላይ፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ቶሎ የበቀለ አንድ ከተማ ውስጥ ሥራ አለ ሲባል ሄዱ። ከተማው ዙሪያውን ታጥሯል፤ ደረት ላይ መታወቂያ ካልተንጠለጠለ አይገባም። ረጅም አዳራሽ ውስጥ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጧቸው። ፊት ለፊታቸው ቆጣሪ አለ። የቆጣሪው ቀስት ከመሀል ወደ ቀኝ ሲሄድ ማዞሪያዋን ወደ ግራ ማዞር፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ቀኝ። በቃ። ስምንት ሰዓት ሙሉ፣ በየቀኑ። በግራና በቀኛቸው እንደሳቸው ያሉ የገጠር ልጃገረዶች ተደርድረዋል።

«የምንሠራው ምን እንደሆነ አልነገሩንም» አሉ። «ብዙ የምትጠይቅ ልጅ ነበረች። አንድ ጠዋት በርጩማዋ ላይ ሌላ ልጅ አገኘን።»

«መቼ አወቁ?» አልኳቸው።

«ቦምቡ መጣሉን ሬዲዮ ሲናገር፣ እንደሱ» አሉና በጣታቸው ሥዕሉን ነኩት። ትንሽ ሣቅ አሉ። «ፕሮፌሰር፣ አየህ? እኔን አስገቡኝ። እሱን አላስገቡትም። የቦምቡን ዩራኒየም የለየነው እኛ ነን፤ ማን ሠራው ብትሉ እኔ ከሱ ይልቅ ሠርቼዋለሁ። የእኔን ሥዕል ግን ማንም ሥሎ አያውቅም።»

ልጄ እንግሊዝኛ አንቱ የለውም ብላ ነው መሰል ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው። «ትጸጸቻለሽ?»

የሚቆጡ መስሎኝ ልጄን በክርኔ ነካኋት። አሮጊቷ ግን አልተቆጡም።

«ወንድሜ መርከብ ላይ ነበር» አሉ። «ጃፓን ላይ ሊያርፉ ሲዘጋጁ። ጦርነቱ አለቀ ሲባል መንገድ ላይ ወጥተን ጨፈርን። ወንድሜ ተመለሰ፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። በኋላ ደግሞ የእነዚያን ከተሞች ፎቶ አየሁ። ሕፃናት ነበሩ። ሁለቱም ውስጤ አሉ። አንዱን ባነሣሁ ቁጥር ሌላው ይነሣል። እንዲህ ሆኖ ነው የኖርኩት።»

ካርቶኑ አልተጣለም። ልጄ መልሳ ወደ ላይ ይዛው ወጣችና ለሦስት ቀን ጠረጴዛውን አላስነካችንም፤ ሶፋ ላይ ነው የበላነው። በላጲስ በሰውዬው ጸጉርና በደመናው መካከል ሰፊ ነጭ ቦታ ከፈተች። ነጩ ቦታ ውስጥ ትንንሽ ሰዎች ሣለች፦ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን የሰጡን፣ እያንዳንዳቸው አንድ ቆጣሪ የሚያዩ፣ እጅግ ብዙ ልጃገረዶች። ከግርጌ የነበረውን ጽሑፍ አጥፍታ «ደብዳቤ ፈረመ» ብላ ብቻ ጻፈች። መምህሯ ቢ ፕላስ ሰጠቻት። አስተያየቷም ሥዕሉ ድንቅ ነው፣ ነገር ግን ፕሮጀክቱ ስለ አንድ ሰው መሆን ነበረበት የሚል ነው። ተናድጄ ትምህርት ቤቷ ልሄድ ስነሣ ልጄ ከለከለችኝ። «ዳዲ፣ ኢትስ ፋይን» አለች። ሥዕሉን ለአሮጊቷ ሰጠቻቸው፤ ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት።

ነገሩ እዚህ ባለቀ ነበር። ውጤቷን የተቀበለች ዕለት ራት ላይ ሦስታችንም ተቀምጠን ሳለ ግን ልጄ በአማርኛ ጠየቀችኝ። በአማርኛ የምታወራኝ በጣም የምታስብበት ነገር ሲሆን ነው።

«አባዬ፣ አንተ ብትሆን ትፈርም ነበር?»

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ባለቤቴ ሳህኗን እያየች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ሳህኗን አየች። እሷ ታውቃለች። ልጄ ሳትወለድ ጀምሮ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ነበርኩ። ዳይሬክተሩ ታመው ቤታቸው ተኝተዋል። ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጥተው ከሁለት ሳምንት በላይ ከትምህርት የቀሩ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ይፈለጋል አሉ። ቀይ ሽብር ነው፤ ወሩ ምን ዓይነት ወር እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ሬሳ እያለፍን ነበር የምንሄደው። የክፍል ኃላፊ መምህራን ስሞቹን ሰበሰቡ፣ ጸሐፊዋ በታይፕ መታችው፣ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። አሥራ አንድ ስም። የመቅረት ዝርዝር ነው፣ በየወሩ የምንሠራው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አራተኛው ስም ላይ ብዕሬ ቆመ። ፊዚክስ ክፍሌ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ልጅ ነው። ሁለቱ ሰዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ፈረምኩ፤ ማኅተም አደረግሁበት።

ያ ልጅ ከዚያ በኋላ አልታየም። ማንም ምንም አላለኝም። አገር ለቅቄ እስክወጣ ድረስ ያስተማርኩበት ክፍል ውስጥ የሱን ወንበር አይ ነበር።

የልጁ እናት ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነበሩ። ሴት ልጃቸው አስመጥታቸው ከእሷ ጋር ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው አሌክሳንድሪያ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳያቸው ወዲያው ለየኋቸው፤ ለወላጆች ስብሰባ ሁልጊዜ ቀድመው የሚመጡ ሴት ነበሩ። መኪናዬን የማይቆምበት አቁሜአለሁ ብዬ ወጣሁ። መኪና አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ወደ አሌክሳንድሪያ ለሠርግም ለለቅሶም አልሄድኩም፤ ባለቤቴ ስለ እኔ ሰበብ ስትፈጥር ኖረች።

ከዚያ ራት በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ ከስልኩ አጠገብ ባለቤቴ የእናትየውን ቁጥር የጻፈችበት ወረቀት አገኘሁ።

ደወልኩ። «የልጅዎ አስተማሪ ነበርኩ» አልኳቸው።

«ቅዳሜ ቤት ነኝ» አሉ።

በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሴት ልጃቸው ሥራ ላይ ነበረች። እናትየው በሩን ሲከፍቱ አጥረው አገኘኋቸው፤ ወይም እኔ በሐሳቤ አርዝሜአቸው ኖሯል። «ይግቡ መምህር፣ ይቀመጡ» አሉኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ግን ያኔም የልጃቸው አስተማሪ ነኝና አንቱ ነበር የሚሉኝ። ሻይ አቀረቡልኝ። ሳልነካው ነገርኳቸው። ቀበሌው መጠየቁን፣ አሥራ አንድ ስም መሆኑን፣ የልጃቸው ስም አራተኛ መሆኑን፣ ብዕሬ ቆሞ እንደነበር፣ ግን መፈረሜን።

ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ወሩ መቼ ነበር?»

«ኅዳር። ሚካኤል ባለፈ በሳምንቱ።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ልጄን የወሰዱት በጥቅምት ነው» አሉ። «የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ከአክስቱ ቤት። አንተ ስትፈርም እሱ ከተያዘ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ከትምህርት የቀረው ተይዞ ነው።»

አንተ አሉኝ። ቁጣ ይሁን መቅረብ አልለየሁትም። ለዐሥራ ሰባት ዓመት ይዤው የዞርኩት ነገር ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ወዲያው ደግሞ በዚህች እናት ፊት ቀለለኝ ብዬ ማሰቤ አሳፈረኝ። አቀርቅሬ ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ሻይዬን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ሌሎቹስ?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ?»

«አሥራ አንድ ነበሩ አልክ። አሥሩስ?»

አላውቅም አልኩ። ስማቸውን ታስታውሳለህ ወይ አሉኝ። አንድም ሳልስት ነገርኳቸው። እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙኝ። በአንዷ ስም ላይ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ እናቷን ያውቋቸዋል፣ አብረው እሥር ቤት በር ላይ ስንቅ ይዘው ቆመዋል፣ ልጅቷ አልወጣችም። በሌላው ስም ላይ ደግሞ ዐይናቸውን ገለጡ። «እሱ እንኳ አለ!» አሉ። «እዚሁ አሜሪካ፣ በልትስቪል ነው ያለው። ታክሲ ይነዳል። ለፋሲካ መጥቶ ጠይቆኛል።» የቀሩትን አያውቁም።

«ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬ ምን አመጣህ?» አሉኝ ቆይተው።

ስለ ልጄ ካርቶን ነገርኳቸው። ስለ ሳይንቲስቱ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ሥራው ሲጀመር እንዳላስገቡት። ጥያቄያቸው እንደ ልጄ ቀጥ ያለ ነበር።

«ባይፈርምስ ቦምቡ ይቀር ነበር?»

«አብዛኞቹ አይቀርም ይላሉ።»

«እሱ ግን እስኪሞት አሰበው።»

«ይባላል።»

«ያስበዋ» አሉ። «ጠየቁት፣ ፈረመ። አንተንም ጠየቁህ።» ከዚህ በላይ አልሄዱም፤ እኔም አልገፋሁበትም።

ልሄድ ስነሣ እጄን ያዙኝ። ከልጃቸው መምህራን መካከል ከዚያ ወዲህ ያገኙት የመጀመሪያው እኔ ነኝ። «ክፍል ውስጥ እንዴት ነበር?» አሉኝ። «ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር። የሚያስበውን አይነግረኝም።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስለ ፔንዱለም ያስተማርኩ ሳምንት ያደረገውን ነገርኳቸው። ከጋራዥ ትልቅ ብሎን ለምኖ አምጥቶ፣ ከክፍሉ ጣሪያ በረጅም ጥቁር ክር አንጠልጥሎ፣ ሲወዛወዝ እየቆጠረ የትምህርቱን ክፍለ ጊዜ ለካ። ደወሉ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ እንደሚዘገይ አረጋግጦ ለዳይሬክተሩ ማመልከቻ ጻፈ።

«ጥቁር ክር?» አሉ።

«ጥቁር። ጠንካራ ነበር፤ ብሎኑን ችሏል።»

«የስፌቴ ክር!» ብለው ጮኹ። ይተዳደሩ የነበረው በልብስ ስፌት ነው። «ያን ክር ቤቱን ገልብጬ ፈልጌዋለሁ! ሠራተኛዋን ተቆጥቻት ነበር እኮ!» ሣቁ፤ ሲሥቁ እንባቸው መጣ፤ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው እንደገና ሣቁ። «ሌላስ?» አሉኝ። ሴት ልጃቸው ከሥራ እስክትመለስ ድረስ የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኳቸው።

በሳምንቱ በልትስቪል ላለው ሰው ደወልኩ። ድምፄን አወቀው፤ «መምህር!» ብሎ ደስ አለው። ዝርዝሩን ስነግረው ደስታው ቀዘቀዘ። ያኔ ሸሽቶ ጎጃም አያቱ ዘንድ ነበር። የቀበሌ ሰዎች ወረቀት ይዘው ቤታቸው ሄደው፣ እሱን ሲያጡ አባቱን ወሰዷቸው። ሦስት ወር አሰሯቸው።

«ወጥተዋል» አለኝ። «ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። እግራቸውን ያማቸው ነበር።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«እሑድ ቤት ይምጡ» አለኝ። «ይሄ በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም።»

ሄድኩ። ልጄን ይዣት ነው የሄድኩት። አውቶቡሱ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ በአማርኛ ነገርኳት። መስኮቱን እያየች ሰማችኝ። መውረጃችን ሲደርስ ሹፌሩ እንዲያቆም ገመዱን የጎተተችው እሷ ናት፤ ከአውቶቡሱ ስንወርድም እስከ ሰውዬው ቤት በር ድረስ ክንዴን ይዛኝ ሄደች።